እቁብ አይደለም፣ እድር ነው፦ የሕክምና ሣጥን ታሪክ ከጀርመን እስከ ቤይሩት



ባለፈው የእሑድ ስብሰባችን ላይ አንዲት እህታችን ተነሥታ የጠየቀችው ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «ለሕክምና ሣጥኑ ሁለት ዓመት ሙሉ አዋጥቻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን አንድም ቀን አልታመምኩም። ታዲያ ገንዘቤ የታለ? ልውጣ ብል ይመለስልኛል ወይ?» አለች። ከኋላ ወንበር «እውነቷን ነው እኮ!» ያላችሁም ነበራችሁ።

እኔ የሣጥኑን ሒሳብ ከሚይዙት አንዷ ነኝ። የዚያን ቀን ችኩል ብዬ «ደንቡ አይፈቅድም» ብዬ ተቀመጥኩ። ያ ግን መልስ አይደለም። ምክንያቱ ያልተነገረ ደንብ ማንንም አያሳምንም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ መዋጮው ለሁሉም አባል ግዴታ ሆኖ ይቀጥል ወይስ «የፈለገ ብቻ ያዋጣ» ይባል በሚለው ላይ ድምፅ እንሰጣለን። ከዚያ በፊት ይህ ጥያቄ በሌሎች አገሮች እንዴት እንደተነሣ፣ ማን ምን ብሎ እንደመለሰና መልሱ ምን እንዳስከተለ ላጫውታችሁ ፈለግሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአገር ቤት እንነሣ

ሁላችንም እቁብና እድርን እናውቃለን። በእቁብ ሃያ ሰው በየሳምንቱ ይጥላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ተራው የደረሰው ገንዘቡን ጠቅልሎ ይወስዳል። በመጨረሻ ማንም አልከሰረም፣ ማንም አላተረፈም፤ ሁሉም ያስገባውን አውጥቷል። እቁብ ቁጠባ ነው።

እድር ሌላ ነው። እናቶቻችን ሠላሳና አርባ ዓመት ለእድር ሲከፍሉ «ቤቴ ሰው አልሞተምና ገንዘቤን መልሱ» ብለው አያውቁም። እንዴ! እንዲህ ያለች ሴት ሰፈሩ ሁሉ ይታዘባታል። ለእድር የከፈልሽው ገንዘብ የትም አልጠፋም፤ ጎረቤትሽ ባሏን የቀበረችበት ቀን ድንኳኑ፣ ወንበሩና ንፍሮው ሆኗል። አንቺ የገዛሽው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ብቻሽን እንደማትቀሪ ማወቅን ነው። በእድር ያልደረሰበት ሰው አሸነፈ እንጂ ተበላ አይባልም።

የዓለም መንግሥታት ስለ ጤና መድን ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩት፣ በኛ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ «ሕክምና እቁብ ነው ወይስ እድር?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ «እድሩ ውስጥ ማን ይግባ?» የሚል ነው። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዛችሁ ተከተሉኝ።

ጀርመን፦ የሠራተኛው ሣጥን ሕግ ሆነ

በአውሮፓ የሕክምና ሣጥን የጀመሩት መንግሥታት አይደሉም። የማዕድን ቆፋሪዎችና የእጅ ሙያተኞች ከደመወዛቸው ጥቂት እየቀነሱ፣ የታመመውን ጓደኛቸውን ለማስታመምና የሞተውን ለመቅበር ሣጥን ነበራቸው። ልክ እንደ እድር ማለት ነው። ችግሩ ሣጥኖቹ ትናንሽ መሆናቸው ነበር። አንድ ክፉ ወረርሽኝ ወይም የአንድ ፋብሪካ መዘጋት ሣጥኑን ባዶ ያደርገዋል።

በ1883 የጀርመኑ ቻንስለር ኦቶ ፎን ቢስማርክ የሕመም መድን ሕግ አወጣ። ለሠራተኛ አዝኖ ነው እንዳትሉ። ከአምስት ዓመት በፊት የሶሻሊስቶችን እንቅስቃሴ የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ዱላው ብቻ እንደማይበቃ ሲያይ ሠራተኛው መንግሥትን እንዲወድ አንድ ነገር መስጠት ፈለገ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ሕጉ የነበሩትን ሣጥኖች አላፈረሰም፤ እነሱኑ ይዞ ለፋብሪካ ሠራተኞች ግዴታ አደረጋቸው። ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍላል። የታመመ ሠራተኛ ሐኪምና መድኃኒት ያገኛል፤ ሥራ ባይገባም እስከ 13 ሳምንት ድረስ የደመወዙን ግማሽ ይቀበላል። በሣጥኑ አስተዳደርም ሠራተኞች ባዋጡት ልክ ብዙውን ወንበር ያዙ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ግዴታ ሆነ፤ ጤነኛው «እኔ አልታመምኩም» ብሎ መውጣት አልቻለም። ሁለተኛ፣ መዋጮው የደመወዝ ድርሻ ነው፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ፣ ጥቂት የሚያገኝ ጥቂት ይከፍላል፤ ሁለቱም ሲታመሙ ግን የሚያያቸው ያው ሐኪም ነው። ሦስተኛው የእኛ ጉዳይ ነው፤ የቤት ሠራተኞች ከሕጉ ውጭ ቀሩ። የፋብሪካ ሠራተኛው ገባ፤ ፋብሪካው ባለቤት ቤት ውስጥ ልብስ የምታጥበውና ልጅ የምታሳድገው ሴት ግን አልገባችም። የቤት ሠራተኛንና የእርሻ ሠራተኛን በአገር አቀፍ ደረጃ ያስገባው ሕግ የወጣው በ1911 ነው፤ 28 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

በ1923 ጀርመን ላይ የገንዘብ መዓት ወረደ። በዚያ ዓመት መጨረሻ አንድ ዶላር ከአራት ትሪሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። ሣጥኖቹ ያስቀመጡት ገንዘብ ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀረ። ሥርዓቱ ግን አልሞተም፤ መዋጮው ከደመወዝ ላይ በየጊዜው የሚቆረጥ ስለሆነ ሠራተኛ እስከሠራ ድረስ አዲስ ገንዘብ ይገባል፤ የገባውም ወዲያው ለታመመው ይውላል። የሣጥን ጉልበት ያጠራቀመው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሚያዋጣው ሰው ብዛትና ታማኝነት ጭምር ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ቤይሩት ስንደርስ እንመለስበታለን።

እንግሊዝ፦ ከአንዲት የከሰል ከተማ

እንግሊዝ የጀርመንን አይታ በ1911 የራሷን የመድን ሕግ አወጣች። ያመጣው ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ ነው። ወንድ ሠራተኛ በሳምንት 4 ፔኒ፣ አሠሪው 3፣ መንግሥት 2 ይከፍላሉ፤ ሠራተኛው 4 ሰጥቶ የ9 ይጠቀማል ማለት ነው። በዚህ ሕግ የቤት ሠራተኞች ገቡ። አሠሪዋ በየሳምንቱ በሠራተኛዋ ካርድ ላይ ቴምብር መለጠፍ ነበረባት።

ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በኖቬምበር 1911 ለንደን በሚገኘው ሮያል አልበርት አዳራሽ በሺዎች የሚቆጠሩ እመቤቶች ተሰብስበው «ለሠራተኛ ቴምብር አንልስም» ብለው ተቃወሙ። አንዳንዶቹ የቤት ሠራተኞቻቸውንም ይዘው መጥተዋል። ክርክራቸው ሠራተኛ ስትታመም እኛው እናስታምማታለን፣ ሕግ በመካከላችን ምን አገባው የሚል ነበር። ይህንን ንግግር የት ሰማሁት አላላችሁም? «እሷ እኮ እንደ ልጄ ናት» የሚለው ነው። አንዳንዷ እመቤት እውነትም ታስታምማለች። አንዳንዷ ግን የታመመች ቀን ሻንጣዋን ውጭ ታስቀምጣለች። ሕግ የሚያስፈልገው ለዚች ለሁለተኛዋ ነው። ሕጉ ጸና፤ በ1912 ሥራ ላይ ዋለ።

ያ ሕግ ግን ትልቅ ቀዳዳ ነበረው፤ የሚሸፍነው ሠራተኛውን ብቻ ነው። ሚስትና ልጆች ውጭ ናቸው። የሆስፒታል ሕክምናም በአብዛኛው አልተካተተም።

በደቡብ ዌልስ ትሬዴጋር በምትባል የብረትና የከሰል ከተማ ግን ሰዎቹ መንግሥትን አልጠበቁም። ከ1890 ጀምሮ የራሳቸው የሕክምና መረዳጃ ማኅበር ነበራቸው። ከእያንዳንዱ ፓውንድ ደመወዝ 3 ፔኒ ያዋጣሉ። ያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ስለነበር ከመቶ አንድ ከሩብ ገደማ ነው። በዚያች መዋጮ ማኅበሩ ሐኪሞች፣ ቀዶ ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም፣ መድኃኒት ቀማሚዎችና ነርስ ቀጠረ። የሠራተኛው ብቻ ሳይሆን የሚስቱም የልጆቹም ሕመም ይታከማል። በመጨረሻ ከከተማው ሕዝብ አብላጫው በማኅበሩ ሥር ገባ። አንድ የከሰል ቆፋሪ ለብቻው ሐኪም ፊት ቆሞ ዋጋ መከራከር አይችልም፤ ታሟላ! ማኅበሩ ግን ሐኪሙን በደመወዝ ቀጥሮ ያሠራል። የብዙ ሰው ሣጥን አንዱ ትልቅ ጥቅም ይኸው ነው፤ ታማሚው ያጣውን የመደራደር አቅም ማኅበሩ ያገኛል።

በዚያች ከተማ በ1897 የአንድ ከሰል ቆፋሪ ልጅ ተወለደ፤ አኑሪን ቤቫን ይባላል። በ13 ዓመቱ ጉድጓድ ገባ። አባቱ በከሰል አቧራ ሳንባው ተበልቶ ሞተ። ቤቫን በከተማው ሐኪም ቤት ኮሚቴ ውስጥ ሠርቷል፤ ኋላ የፓርላማ አባል፣ ከጦርነቱ በኋላ የጤና ሚኒስትር ሆነ። ከዚያም የትሬዴጋርን ሐሳብ ለመላው አገር አደረገው። ከሐኪሞች ማኅበር ጋር ከረጅም ንትርክ በኋላ ጁላይ 5 ቀን 1948 የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱ ሥራ ጀመረ። ሀብታም ድሀ፣ ሠራተኛ ሥራ ፈት፣ ወንድ ሴት ሳይባል ሰው ሲታመም ይታከማል፤ በበሩ ላይ ገንዘብ አይጠየቅም። ወጪው በአብዛኛው ከግብር ይሸፈናል።

በሩ ሲከፈት የተጠራቀመው ሕመም ጎረፈ። ጥርስ አጥተው በድድ ሲያኝኩ የኖሩ፣ መነጽር መግዛት አቅቷቸው ሲዳብሱ የኖሩ ሰዎች መጡ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪ ከታሰበው በላይ ሆነ። በ1951 መንግሥት ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ከፊል ክፍያ ሲጥል ቤቫን «ይህን አልቀበልም» ብሎ ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። እንግዲህ እያንዳንዱ ሣጥን አንድ ቀን «ሁሉንም መክፈል አልቻልንም፣ ምን እናስቀር?» የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። እኛም ባለፈው ዓመት በጥርስ ጉዳይ ተጨቃጭቀን የለ!

አሜሪካ፦ ጤነኛው ሲወጣ

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ ቀጥታ የሚወስደን ታሪክ ጋ ደረስን።

በ1929 መጨረሻ፣ ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ ከተማ፣ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያልተከፈለ ሒሳብ ተከምሮበት ነበር። ጀስቲን ፎርድ ኪምባል የሚባል ኃላፊ መዝገቡን ሲያገላብጥ ብዙ ባለዕዳዎች አስተማሪዎች መሆናቸውን አየ። ቀድሞ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ ስለነበር ያውቃቸዋል። እናም እንዲህ አላቸው፤ በወር 50 ሳንቲም ክፈሉ፣ የታመመ አስተማሪ እስከ 21 ቀን ሆስፒታል ይተኛል። ከሺህ በላይ አስተማሪዎች ገቡ። 50 ሳንቲም ለአስተማሪዋ ብዙ አልነበረም፤ 21 ቀን ሆስፒታል መተኛት ግን ያለዚያ ዕዳ ውስጥ ይከታት ነበር። ነገሩ ተስፋፋ፤ ብሉ ክሮስ በሚል ስም በየክፍለ ግዛቱ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ተቋቋሙ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሣጥኖቹ ልማድ የእድር ነበር፤ ወጣት ሽማግሌ ሳይባል በአንድ አካባቢ ያለ ሁሉ እኩል ይከፍላል።

በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1942፣ መንግሥት ደመወዝ እንዳይጨመር አገደ። ፋብሪካዎች ሠራተኛ ለመሳብ በደመወዝ ፋንታ የጤና መድን መስጠት ጀመሩ፤ ይህ እንደ ደመወዝ አይቆጠርምና። በኋላም በ1954ቱ የግብር ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፍለው መድን ከገቢ ግብር ነፃ መሆኑ ጸና። በዚህ መንገድ፣ ማንም ቁጭ ብሎ ሳያቅደው፣ የአሜሪካ ሰው መድን በአሠሪው እጅ ገባ። ሥራ ያጣ መድኑንም ያጣል። በሰው ቤት የምታጸዳ ሴት ደግሞ ይህን ዓይነት መድን የማግኘት ዕድሏ ከመጀመሪያውም ጠባብ ነው።

ከዚያ ነጋዴ የመድን ኩባንያዎች መጡ። ወጣትና ጤነኛ ሠራተኛ ያለበትን ድርጅት እየመረጡ «እናንተ ብዙ አትታመሙም፤ ለምን ለሽማግሌው ትከፍላላችሁ? እኛ በርካሽ እንሸጥላችኋለን» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለወጣቱ በርካሽ ሸጡለት። ወጣቱ ከድሮው ሣጥን ወጣ። በሣጥኑ የቀሩት አረጋውያንና በሽተኞች ስለሆኑ የነፍስ ወከፍ ወጪው ናረ፤ መዋጮው ጨመረ፤ መዋጮው ሲጨምር ደህና ጤና ያለው ሌላም ሰው ወጣ። በመጨረሻ ብሉ ክሮስም እንደ ነጋዴዎቹ በዕድሜና በጤና እየለየ ማስከፈል ጀመረ። እድሩ እቁብ ሆነ ማለት ነው። ጡረተኛው ግን ያንን ዋጋ ከየት ያምጣ? በ1965 መንግሥት ለአረጋውያን ሜዲኬር፣ ለድሆች ሜዲኬይድ የሚባሉትን ያቋቋመው ነጋዴው ያልፈለጋቸውን ሰዎች ለመሰብሰብ ነው።

ይህንን በእኛ ሣጥን ላይ እናስላው። ምሳሌ ነው፣ የእኛ ሒሳብ አይደለም። 200 አባላት በወር 3 ዶላር ቢያዋጡ 600 ዶላር ይሆናል። በወሩ ሦስት ሰው ቢታመም ለእያንዳንዳቸው 200 ይደርሳል። አሁን «እኔ ጤነኛ ነኝ» ያሉ 100 ሰዎች ወጡ እንበል። የታመሙት ሦስቱ ግን አልወጡም፤ የታመመ ሰው መቼ ይወጣል! ያንኑ 600 ለመሙላት የቀሩት 100 ሰዎች 6 ዶላር ሊያዋጡ ነው። 6 ዶላር ሲሆን ደግሞ ሌላ 50 ሰው ወጣ። የቀሩት 50ዎቹ 12 ዶላር ሊከፍሉ ነው። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ይዘጋል። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላጭበረበረም፤ እያንዳንዷ የወጣችው «ለራሴ ይሻለኛል» ብላ ብቻ ነው። 50 ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለ50 ሰው ጌጡ የሚባለው ይኼው ነው፤ ሰው እየቀነሰ ሲሄድ ጌጡ ሸክም ይሆናል።

ሦስቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው

አሜሪካ በዓመት ከምታመርተው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 17 ያህሉን ለጤና ታወጣለች። ጀርመን 12 ገደማ፣ እንግሊዝ 11 ገደማ። ብዙ የከፈለ ብዙ ያገኛል እንል ይሆናል፤ ነገር ግን አሜሪካዊ በአማካይ ከጀርመናዊውና ከእንግሊዛዊው ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ይሞታል። ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰዎችም ምንም መድን የላቸውም።

ትርፉ ገንዘብ የት ይገባል? አሜሪካዊው ሐኪም ቤት ደጋግሞ ስለሚሄድ አይደለም። ዋናው ልዩነት ዋጋ ነው፤ ያው መድኃኒት፣ ያው ቀዶ ሕክምና እዚያ በብዙ እጥፍ ይሸጣል፤ ገዢው ተከፋፍሏልና የሚደራደርለት ትልቅ ሣጥን የለውም። ሌላው ወረቀት ነው፤ ማን ይሸፈናል፣ ማን አይሸፈንም እያሉ የሚጽፉና የሚከራከሩ ሰዎች ደመወዝ ከዚያው ከታማሚው ገንዘብ ይወጣል።

የቀሩት ሁለቱም ገነት አይደሉም። በእንግሊዝ ገንዘቡን በየዓመቱ የሚወስነው መንግሥት ስለሆነ እጁ ሲያጥር ወረፋው ይረዝማል፤ በቅርብ ዓመታት በኢንግላንድ ብቻ ለታቀደ ሕክምና የሚጠባበቀው ጉዳይ ከ7 ሚሊዮን አልፏል። በጀርመን ደግሞ ለመደበኛው መድን ከደመወዝ 14.6 ከመቶና ተጨማሪ ይቆረጣል፤ ሠራተኛና አሠሪ እኩል ይካፈሉታል፤ ሕዝቡ ባረጀ ቁጥር ቁርጡ ይጨምራል። ወረፋ የሌለበት አገር የለም። በአንዱ ወረፋው በጊዜ ነው፣ በሌላው በኪስ ነው። በኪስ የሆነ እንደሆነ ድሀው መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ አንዳንዴም ተራው ሳይደርስ ይቀራል።

እኛ ያለንበት አገር

ሊባኖስ በ1963 የብሔራዊ ማኅበራዊ ዋስትና ሣጥን አቋቁማለች። ለተመዘገቡ ሠራተኞች ከሆስፒታል ወጪ 90 ከመቶ፣ ከሐኪም ምርመራና ከመድኃኒት 80 ከመቶ ይሸፍን ነበር። እኛ ግን አልገባንበትም። የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ በ7ኛ አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ አውጥቷል። የጀርመኑ ሕግ በ1911 ያረመውን፣ እንግሊዝ በዚያው ዓመት የአዳራሹን ጩኸት ችላ ያስገባችውን ነገር እዚህ እኛ ዛሬም እየጠበቅን ነው።

በምትኩ አሠሪዋ ለመኖሪያ ፈቃዱ ሲባል የግል መድን እንድትገዛ ትገደዳለች። ይህ መድን አብዛኛውን ጊዜ አደጋንና ሆስፒታል መተኛትን ይመለከታል፤ ለክሊኒክ ምርመራ፣ ለጥርስ፣ ለመድኃኒት፣ ከመምጣታችሁ በፊት ለነበረ ሕመም ብዙ ጊዜ አይሆንም። ደግሞም እንደ አሜሪካው ከአሠሪ ጋር የታሰረ ነው። ከቤቱ የወጣች፣ ወረቀቷ የተቃጠለባት፣ በየቤቱ በሰዓት የምትሠራ እህት ያ መድን የላትም። ሆስፒታል በር ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ሲሏት የምትደውለው ለእኛው ሣጥን ነው።

ከ2019 በኋላ የሆነውን እናንተው ኖራችሁታል። አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ተመንዝሮ የኖረበት አገር ዛሬ በ89,500 ይመነዝራል። ድሮ 660 ዶላር የነበረ አንድ ሚሊዮን ሊራ ዛሬ 11 ዶላር ገደማ ነው። ባንኮች ገንዘብ መልሰው መስጠት አቆሙ። የአገሩ ሰው ዕድሜ ልኩን ያዋጣበት ማኅበራዊ ሣጥንም ወጪ የሚተካው በድሮው ታሪፍ ስለነበር ድጋፉ ለመድኃኒት እንኳ የማይበቃ ሆነ። በ1923 ጀርመን ላይ የደረሰው እዚህ ደረሰ። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ በየመንገዱ የተጣሉ እህቶችን በአንድ ክፍል አሥር ሆነን ያሳደርነው በባንክ ተቀማጭ አይደለም፤ እያንዳንዷ የያዘችውን እያመጣች ነው።

አገር ቤት ያለው ደብተር

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በአገራችን ከ2011 ጀምሮ መጀመሪያ በ13 ወረዳዎች፣ ኋላ በብዙ ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ተጀምሯል። ገበሬውና በግሉ የሚሠራው በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ መንግሥት ይደጉማል፤ መክፈል ለማይችለው ድሀም ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉለታል። የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው፤ «የታመመችውን ልጅ ብቻ መዝግቡልኝ» ማለት አይቻልም። ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል። ጤነኛውም በሽተኛውም አብረው ካልገቡ ሣጥኑ አይቆምምና ነው። በየጤና ጣቢያው መድኃኒት አለመሟላቱ ሰዎችን ያማርራል፤ ያም ሆኖ እናታችሁ ደብተሩ ከሌላት ወይም ካላሳደሰች ጠይቁላት። ድንገት በሌሊት «እናትሽ ታማለች፣ ገንዘብ ላኪ» ከሚል ስልክ በፊት በዓመት አንዴ ማሳደስ ይቀላል።

ታዲያ ምን እንወስን?

ለእህታችን መልሴ ይኸው። ገንዘብሽ የለም። ባለፈው ክረምት በሐሞት ጠጠር ለተኛችው ልጅ ሆኗል፤ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ለተሰበረው ሆኗል። አንቺ በሁለቱ ዓመት ያልታመምሽው ዕድልሽ ነው፤ እነሱ የታመሙት ጥፋታቸው አይደለም። ብትወጪ አንቺ ዛሬ ትጠቀሚ ይሆናል፤ ዳላስ ላይ የተጀመረው ሣጥን ምን እንደሆነ ግን አይተሻል። ጥያቄሽ ግን ተገቢ ነበር፤ ገንዘቧ የት እንደገባ የማይነገራት አባል የመጠየቅ መብት አላት። ጥፋቱ የኛ የሒሳብ ያዦቹ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ተወያዩበት፣ አርሙት።

መዋጮው ለሁሉም አባል ግዴታ ሆኖ ይቀጥል፤ ነገር ግን እንደ ገቢ በሁለት ደረጃ ይከፈል። ሙሉ ሳምንት ሠርታ የምታገኝና በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የምታጸዳ እኩል ይክፈሉ ማለት ፍርድ አይደለም።

ሥራ ያጣች ወይም ወረቀቷ የተበላሸባት አባል ለተወሰኑ ወራት መዋጮ ባትከፍልም አባልነቷ ይጠበቅላት። መድን ከሥራ ጋር ሲታሰር ምን እንደሚሆን አይተናል፤ እኛው ያንኑ አንድገመው።

አዲስ አባል ከገባች በኋላ ከአደጋ በቀር ሦስት ወር ትጠብቅ። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ እድርም ሰው ሊሞት ሲያጣጥር የመጣ ተመዝጋቢን አይቀበልም። ታሞ ብቻ የሚገባ ከበዛ ጤነኛው ይሸሻል።

ሒሳቡ በዶላር ይያዝ፤ በየሦስት ወሩ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለስንት ሰው ዋለ የሚለው የታማሚዋ ስም ሳይጠቀስ በዚህ ጋዜጣችን ይውጣ።

በመጨረሻም ሣጥናችን አሠሪን ከግዴታዋ ነፃ አያወጣትም። በውል ሥራ ላይ ያላችሁ የመድን ወረቀታችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ የሚያበቃበትን ቀን አይታችሁ ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። በመድኑ የሚሸፈን ሕክምና ሲያጋጥም መጀመሪያ እሱ ይክፈል፤ የኛ ሣጥን ምንም ለሌላት ይቀመጥ።

ትሬዴጋር ውስጥ 3 ፔኒ ያዋጡት ከሰል ቆፋሪዎች አንድ ቀን መላው አገር በእነሱ ደንብ እንደሚታከም አላሰቡም። ያሰቡት ጎረቤታቸውን ነው። እኛም ከአገር ርቀን፣ ሕጉ ሳያውቀን፣ በወር ጥቂት ዶላር እየጣልን የምንሠራው ያንኑ ነው። በጉባኤው ቀን አትቅሩ፤ ፈቃድ ያላገኛችሁ ድምፃችሁን በጓደኛችሁ በኩል ላኩ። ጤና ይስጥልን፣ ላመማቸውም ምሕረቱን ያውርድልን።